የሄፓታይተስ ቢ ውጤቶቼ እርስ በርሳቸው አልገጥም አሉኝ፣ የሚያነብልኝ አለ?

የመንዝ ልጅ (ታኅሣሥ 2017)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 34 አመቴ ነው፣ ትውልዴ መሃል ሜዳ፣ አሁን ስራዬ ደብረ ብርሃን ነው። ነገሩ የጀመረው 2014 መስከረም ላይ ነው፣ መስሪያ ቤት ደም ልገሳ ተብሎ ሁላችንም ተሰልፈን ሰጠን፣ ከዛ ስልክ ተደወለና ና አሉኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ ነህ። እኔ ደሞ የወፍ በሽታ ሲባል አይን ቢጫ የሚያደርግ ነገር ነው የማውቀው፣ አይኔ ነጭ ነው፣ ሆዴ ደህና ነው፣ ዳገት ብወጣ የማይደክመኝ ሰው ነኝ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ያየኝ ሰውዬ (የቱ እንደሆነ ልተወው) "ይሄ ከኤችአይቪ ይብሳል መድሃኒትም የለው" ብሎ ሸኘኝ፣ ያን ቀን ከጠባሴ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የገባሁት፣ ባጃጅ መያዝ ራሱ ትዝ አላለኝም።

ከዛ ወዲህ ያለው ወረቀት ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ነው። ከስድስት ወር በኋላ መጋቢት ላይ ደገምኩት አሁንም ፖዘቲቭ፣ ኤስጂፒቲ የሚሉት የጉበት ኢንዛይም 28። በ2015 ኤስጂፒቲ 34፣ "ኖርማል ነው ሂድ" ተባልኩ። 2016 ፋሲካ ካለፈ በኋላ 61 ሆነ፣ ያኔ ኢ አንቲጅን የሚባልም ተሰራልኝ ኔጌቲቭ አለ፣ ዶክተሯ "ጥሩ ነው ቫይረሱ የተኛ ነው" አለችኝ ደስ አለኝ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ሌላ ዶክተር ጋ ሄድኩ፣ እሱ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ካልተሰራ አላወራም አለ፣ ተሰራ፣ 3,400 አይዩ (መለኪያው ነው) ወጣ። ኤስጂፒቲ 52፣ ሌላው ኢንዛይም ኤስጂኦቲ 44፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት 178 ሺህ፣ አልትራሳውንድ ጉበት ደህና ነው ይላል። በመሃል በመሃል ደሞ በራሴ ገንዘብ ሰርፌስ አንቲጅኑን (ያንኑ መጀመሪያ ፖዘቲቭ ያለኝን ምርመራ) አምስቴ አስመርምሬያለሁ ምናልባት ጠፍቶ ይሆናል ብዬ፣ አምስቴም ያው ፖዘቲቭ።

አሁን ጥያቄዬ፣ ኢ አንቲጅኑ ኔጌቲቭ ከሆነ ቫይረሱ ከየት መጣ? 3,400 ብዙ ነው ትንሽ? የስራ ባልደረባዬ ወንድም በሚሊዮን የሚቆጠር አለው አሉ፣ ግን መድሃኒት አልጀመረም፣ እኔ በ3,400 ልጀምር ነው? ዶክተሩ "አፕሪህ 0.62 ነው" ብሎ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፈና ከሶስት ወር በኋላ ና አለኝ፣ አፕሪ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሬ ወጣሁ። ባለቤቴ አለች፣ ሁለት ልጆች አሉን።

ላቦራቶሪው

ወንድሜ በመጀመሪያ ያቺን ሰርፌስ አንቲጅን መደጋገም አቁም፣ ብርህን ነው የምታቃጥለው። እሷ የምትመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ቫይረሱ አለ ወይስ የለም። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ክሮኒክ (ስር የሰደደ) ይባላል አለቀ፣ አንተ 2014 መጋቢት ላይ ያ መልስ ተሰጥቶሃል። ክሮኒክ ሆኖ ሰርፌስ አንቲጅኑ በራሱ የሚጠፋለት ሰው በአመት ከመቶ አንድ ቢሆን ነው። በኪት ላይ የምትወጣው መስመር መወፈር መቅጠኗ ደሞ ምንም አይነግርህም፣ ቀጭን መስመር አይቶ "እየለቀቀኝ ነው" ብሎ የሚደሰት ሰው በየሳምንቱ መስኮቴ ላይ ይመጣል። የዚህን አንቲጅን መጠን በቁጥር የሚለካ ሌላ ምርመራ አለ፣ እሱ ጥቅም አለው፣ ከ1,000 አይዩ በታች ሆኖ ቫይራል ሎዱም ከ2,000 በታች ከሆነ በእውነትም የተኛ ቫይረስ ነው ለማለት ያግዛል፣ ግን በየቦታው አይገኝም።

ይሄ አንቲጅን መጀመሪያ የተገኘው አውስትራሊያዊ ሰው ደም ውስጥ ስለነበር ድሮ አውስትራሊያ አንቲጅን ነበር የሚሉት፣ ያገኘው ባሩክ ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ኖቤል ወስዶበታል። ከወሬ ወሬ ያነሳዋል ብዬ ነው።

ወደ ኢ አንቲጅን ስንመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢ ማለት ቫይረሱ በብዛት ሲራባ ወደ ደም የሚረጨው ፕሮቲን ነው፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቫይራል ሎዱ ሰማይ ነው። ኔጌቲቭ ሲሆን ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ አንዱ እውነትም ሰውነትህ ተቆጣጥሮት ጋብ ብሏል፣ ሁለተኛው ቫይረሱ ጂኑን ቀይሮ ኢ ፕሮቲኑን መስራት ትቶ መራባቱን ግን አልተወም። ሌባው ፋኖሱን አጥፍቶ ነው የሚሰርቀው ማለት ነው። እኛ አገር ክሮኒክ ከሆነ አዋቂ ውስጥ አብዛኛው ኢ ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚህ ኔጌቲቭ ተብሎ ብቻ "ተኝቷል" አይባልም፣ ሁለቱን የሚለየው ቫይራል ሎድና ኤስጂፒቲ ናቸው፣ ያውም አንድ ቀን አይደለም እየተደጋገመ ታይቶ። ዶክተሯ ያኔ ቫይራል ሎድ ሳታይ ነው የፈረደችው፣ ልወቅሳት ብዬ አይደለም፣ ምርመራው በእጇ አልነበረ ይሆናል።

ባህል ይሻላል

እኔ የማውቃቸው አዋቂ አሉ፣ የሚሰጡት ቅጠል አለ፣ በባዶ ሆድ ሰባት ቀን ነው፣ ጎረቤቴ አይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ተሸክመነው ሄደን በወሩ ተመርምሮ ኔጌቲቭ ሆኗል በአይኔ ያየሁት ነው። ሀኪሞቹ መድሃኒት የለውም ሲሉ ለምን ዝም ብላችሁ ትሰቃያላችሁ። የፈለገ በውስጥ ያናግረኝ።

ላቦራቶሪው

ጎረቤትህ እግዜር ይመስገን ዳነ፣ ግን ቅጠሉ አይደለም ያዳነው። አዋቂ ሆኖ በአዲስ የተያዘ ሰው፣ አይኑ ቢጫ ሆኖ የሚታመመው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ከመቶ 90 እና ከዛ በላይ የሚሆነው ምንም ሳይወስድ በወራት ውስጥ ሰውነቱ ራሱ ያጠፋዋል። ቅጠል ጠጣም ጠበል ጠጣም ሻይ ጠጣም ይድን ነበር። የመንዝ ልጅ ያለበት ግን ሌላ ነው፣ ምናልባት በልጅነቱ ይዞት አብሮት ያደገ ነው፣ በልጅነት የያዘው ነው እንደዚህ ድምጹን አጥፍቶ የሚቀመጠው። ቅጠሉን አታውቀውም እኔም አላውቀውም፣ ጉበት ላይ ግን ኤስጂፒቲን ወደ መቶና ሺህ የሚያወጣ ቅጠል እንዳለ በስራዬ አይቻለሁ። ጠበሉን እምነት ነው ተጠመቁ ጠጡ ማንም አይከለክልም፣ ቅጠሉን ግን ተው።

8 አመት በኪኒን

ልጄ አትደንግጥ። እኔ 57 አመቴ ነው፣ ደነባ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነበርኩ። እኔን ያገኙኝ ዘግይተው ነው፣ ቫይራል ሎዴ ከ600 ሺህ በላይ ነበር፣ ጉበቴም ጠባሳ ጀምሮት ነበር፣ አዲስ አበባ ድረስ እየተመላለስኩ ነው የጀመርኩት። ያኔ እዚህ አካባቢ ስለዚህ በሽታ የሚያወራህ ሰው አልነበረም፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ሰፋ አድርጎ ማከም የጀመረው፣ ከዛ በፊት ሰው ዝም ብሎ "ካሪየር (ተሸካሚ) ነህ" እየተባለ ነበር የሚኖረው።

አሁን የምነግርህ የራሴን ጥፋት ነው ማንም አላሳሳተኝም። ቴኖፎቪር የሚባለውን ኪኒን በጀመርኩ በአመቱ ቫይራል ሎዴ "አልተገኘም" ተብሎ መጣ። አልተገኘም! እኔ አስተማሪው ሰውዬ፣ ከዳንኩ ምን አስዋጠኝ ብዬ በራሴ ፈቃድ ተውኩት። አንድ አራት ወር ምንም የለም፣ እንደውም ደስ ብሎኝ ነበር። አምስተኛው ወር ላይ እህል ሽታው አስጠላኝ፣ ሽንቴ እንደ ኮካ ሆነ፣ ልጄ "አባዬ አይንህ" ስትለኝ ነው መስታወት ያየሁት፣ ኤስጂፒቲዬ 640። ዶክተሩ ተቆጣኝ ተገቢም ነበር፣ "አልተገኘም ማለት ማሽኑ የሚያየውን ያህል ደም ውስጥ የለም ማለት እንጂ ጉበትህ ውስጥ የለም ማለት አይደለም" ብሎ አስረዳኝ። ቫይረሱ የጉበት ሴሉ ውስጥ ሰነዱን ቆልፎ አስቀምጧል፣ ኪኒኑ ፎቶ ኮፒ እንዳያደርግ ነው የሚከለክለው ዋናው ሰነድ እዛው ነው። ይኸው ከዛ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለልኩም፣ ሰርፌስ አንቲጅኔ እስከዛሬ ፖዘቲቭ ነው፣ አሁን አያስጨንቀኝም። በየስድስት ወሩ ክሬቲኒን ለኩላሊት፣ ኤስጂፒቲ፣ አልትራሳውንድ እሰራለሁ፣ ቫይራል ሎድ በአመት አንዴ።

ኤችኦ ከቆላ

እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው የምሰራው። አፕሪ ያልከው ከባድ ነገር አይደለም ራስህ ማስላት ትችላለህ። ኤስጂኦቲህን ለኖርማሉ ጣሪያ (ብዙ ጊዜ 40 ነው የሚያዘው) ታካፍላለህ፣ የወጣውን ለፕላትሌትህ በሺህ ታካፍላለህ፣ በ100 ታበዛለህ። ያንተ 44 ለ40 ሲካፈል 1.1፣ ለ178 ሲካፈል ሲበዛ በ100፣ 0.62 አካባቢ። ሃሳቡ ምንድነው፣ ጉበት ጠባሳ እየያዘ ሲሄድ ወደ ጣፊያ የሚገፋው ደም ይበዛል፣ ጣፊያ ያብጥና ፕላትሌት ይውጣል፣ ስለዚህ ኢንዛይሙ ከፍ ፕላትሌቱ ዝቅ ካለ ጠባሳ ጠርጥር ነው። ድሮ የአለም ጤና ድርጅት መለያው ላይ 2 ነበር ያስቀመጠው፣ በዛ ቁጥር ብዙ ጠባሳ ያለበት ሰው ያመልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 አዲሱ መመሪያቸው ከ0.5 በላይ ከሆነ ጠቃሚ ጠባሳ ሊኖር ይችላል፣ ከ1 በላይ ከሆነ ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ መድረቁን) ጠርጥሩ ብለው አወረዱት። ስለዚህ 0.62 በወረቀት ላይ መስመሩን አልፏል።

ግን ቆይ። ፕላትሌት እኮ ጉበት ብቻ አይደለም የሚያወርደው። እኛ ጋ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ነው፣ ወባ የያዘው ሰው ፕላትሌቱ 80ም 60ም ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ኤስጂኦቲውም ይጨምራል፣ ያንን ይዘህ አፕሪ ብታሰላ ጤነኛውን ሰውዬ ሲሮሲስ ታደርገዋለህ። ሌላም አለ፣ በመስኖው ውሃ የሚገባው ሰው ቢልሃርዝያ ይይዘዋል፣ እሱም ጣፊያ ያሳብጣል ፕላትሌት ያወርዳል፣ ከሄፓታይተስ ጋር ምንም ሳይገናኝ። ለዛ ነው አንድ ቁጥር ይዤ የማልፈርደው። ኅዳር ከመሰራትህ በፊት ቆላ ወርደህ ነበር? ታመህ ነበር? የጠጣኸው ነገር አለ? ሌላ ፊብ ፎር የሚባል ስሌት አለ እድሜም ይጨምርበታል፣ ያንተን ሰራሁት 1.17 አካባቢ ነው የመጣው፣ በሱ ከ1.45 በታች ስለሆነ ከባድ ጠባሳ የለም ወደሚለው ያደላል። ሁለቱ ስሌቶች አልተስማሙም ማለት ነው፣ ቁሳቁሱ ግን አንድ ነው።

የመንዝ ልጅ

ኤችኦ እንዴት አወቅክ?! ጥቅምት ላይ አጎቴ ጋ ሮቢት ማሾ ልናነሳ ወርጄ ነበር፣ ስመለስ ብርድ ብርድ ብሎኝ ወባ ተገኝቶብኝ ኪኒን ወስጃለሁ። ከዛ በሶስተኛው ሳምንት ነው ምርመራውን የሰራሁት፣ ዶክተሩ ስላልጠየቀኝ አልነገርኩትም። መጠጥ... እውነቱን ልናገር ፋሲካ ላይ የዛን አመት አረቄ ትንሽ በዝቶ ነበር። 61 ያለው ያኔ ነው።

ላቦራቶሪው

ይኸው። እኔ ደሞ ከላብ በኩል ልጨምር። ደም ተቀድቶ ሙቀት ውስጥ ሰአታት ከቆየ ወይም ቱቦው ተነቅንቆ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ኤስጂኦቲ በውሸት ይጨምራል፣ ከገጠር ጤና ጣቢያ በሞተር የሚመጣ ናሙና ላይ ይሄን ሁሌ ነው የምናየው። ፕላትሌትም እርስ በርሱ ተጣብቆ ማሽኑ አሳንሶ ሊቆጥረው ይችላል፣ ሲቢሲህ (የደም ሴል ቆጠራው) ላይ ዝቅ ካለ በማይክሮስኮፕ እዩልኝ በል፣ ነውር የለውም።

የኤስጂፒቲ ነገር ደሞ ወረቀቱ ላይ ኖርማል እስከ 45 ምናምን ይላል፣ ያ ማሽኑ ይዞት የመጣው ነው። የአለም ጤና ድርጅት ለዚህ በሽታ የሚጠቀመው ለወንድ 30 ለሴት 19 ነው። በዛ አይን ስታየው 2015 ላይ "ኖርማል ሂድ" የተባልክበት 34 ራሱ ከፍ ያለ ነበር። 28፣ 34፣ 61፣ 52 ብለህ በመስመር ጻፋቸው፣ 61ዱን አረቄው ቢያበላሸውም፣ 52ቷን ወባው ቢጨምርባትም፣ አቅጣጫው ይታያል አይደል?

ቫይራል ሎዱም 3,400። አዲሱ መመሪያ መድሃኒት ለመጀመር የሚጠይቀው ከ2,000 አይዩ በላይ ሆኖ ኤስጂፒቲ ከኖርማል ከፍ ካለ ነው (ድሮ 20,000 ነበር የሚጠበቀው)፣ ወይም ጠባሳ ካለ፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ የጉበት ካንሰር ወይም ሲሮሲስ የነበረበት ሰው ካለ፣ ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ዲ ወይም ሲ አብሮ ካለ፣ ስኳር ካለም እንዲሁ። ባለ ሚሊዮኑ ሰውዬ ለምን አልጀመረም ላልከው፣ እድሜውን አላውቅም፣ ግን ወጣት ሆኖ ኢ ፖዘቲቭ፣ ኤስጂፒቲው 20 ላይ ዝም ያለ ሰው አለ፣ ቫይረሱ እንደ ጎርፍ ነው ሰውነቱ ግን ገና ጦርነት አልከፈተም ጉበቱ አልተጎዳም፣ እንደዛ ከሆነ እየተከታተሉ ሊጠብቁት ይችላሉ። ጉበቱን የሚያቆስለው በብዛት ቫይረሱ ሳይሆን የራስህ ወታደር ቫይረሱን ሲያባርር ነው። ስለዚህ የሱ ሚሊዮንና ያንተ 3,400 ለየብቻ ናቸው አታወዳድር።

እና ዩኒቱን እይ። አይዩ ነው ኮፒ? አንዳንድ ቦታ በኮፒ ይሰጣሉ፣ አንድ አይዩ እንደ ማሽኑ አምስት ኮፒ ገደማ ነው፣ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ "አምስት እጥፍ ጨመረብኝ" ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

የአንኮበሯ

ይቅርታ የሰው ጥያቄ ውስጥ ገባሁ። እኔ የ24 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፣ ክትትል ላይ ነው የተገኘብኝ፣ ቫይራል ሎድ 4.2 ሚሊዮን አይዩ፣ ኤስጂፒቲ 17 ነው። ኤኤፍፒ የሚባል የካንሰር ምርመራ ተሰራልኝ ከፍ ብሏል ተባልኩና እንቅልፍ አጣሁ። ልጄስ?

ኤችኦ ከቆላ

እህቴ ኤኤፍፒን ጽንሱ ራሱ ነው የሚያመርተው፣ በእርግዝና ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፣ በዚህ ሰአት ለጉበትሽ ብሎ መስራቱ ራሱ ትርጉም የለውም፣ ተኚ። (ካልተረገዘም ቢሆን ኤኤፍፒ ብቻውን አይታመንም፣ ካንሰር እያለ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ለዛ ነው ሁሌ ከአልትራሳውንድ ጋር የሚታየው።)

ያንቺ ቁም ነገር 4.2 ሚሊዮኑ ነው። ከ200,000 አይዩ በላይ ከሆነ ወደ ልጁ እንዳያልፍ እናትየዋ ቴኖፎቪር ትጀምራለች፣ እስክትወልድ ቢያንስ። 24 ሳምንት ላይ ነሽ ጊዜ አለሽ ግን ሳምንት አታሳልፊ፣ ቫይራል ሎዱን ለማውረድ ሳምንታት ይፈልጋል። ልጁ ደሞ በተወለደ 24 ሰአት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድ አለበት፣ በስድስት በአስር በአስራ አራት ሳምንት የሚሰጠው ፔንታ ውስጥም አለ ግን እሱን መጠበቅ አይበቃም። የምትወልጂበት ቦታ የመወለጃ ቀኗ ክትባት መኖሯን ከአሁኑ ጠይቂ፣ ከሌለ ያለበት ቦታ ውለጂ። ጡት ማጥባት ትችያለሽ። ከወለድሽ በኋላ ባሉት ወራት ኤስጂፒቲሽን አስለኪ፣ ሰውነት ከእርግዝና ሲወጣ ጉበት ድንገት ሊቆጣ ይችላል።

የአንኮበሯ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ነው የምሄደው።

8 አመት በኪኒን

ስለ ቤተሰቡ ማንም አላነሳለትም እኮ። ልጄ ሚስትህንና ልጆችህን አስመርምር፣ ወንድሞችህንም። እኔ ከአምስት ወንድማማቾች ሶስታችን ነው የተገኘብን፣ እናታችን ነፍሷን ይማር በጉበት ነው የሞተችው፣ ያኔ ሰው "ሆዷ ውሃ ያዘ" ነው ያለው። አንድ ምላጭ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ እንጥል የሚቆርጠው፣ የሚነቅሰው፣ ማን ያውቃል ከየት እንደሆነ። ማዕድ አትለይ፣ ጉርሻ አይተላለፍበትም፣ እኔን ሚስቴ መጀመሪያ ሰሞን ሳህን ለይታብኝ ነበር እስካሁን እናስቃታለን በሱ።

ላቦራቶሪው

ትክክል። ለነሱ ሰርፌስ አንቲጅን ብቻ ሳይሆን ፀረ ሰርፌስ አካሉንም አሰሩ፣ አንቲጅኑ ኔጌቲቭ ሆኖ ፀረ አካሉ ከ10 በላይ ከሆነ ተጠብቀዋል፣ ከሌለ ክትባት ነው፣ ለአዋቂ ዜሮ፣ አንድ ወር፣ ስድስት ወር። ሌላ ፀረ ኮር የሚባልም አለ፣ እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውየው በሆነ ዘመን ቫይረሱን አግኝቶታል ማለት ነው፣ ክትባት ፀረ ኮር አያመጣም።

ላንተ ደሞ የምመክርህ፣ ወባው ከለቀቀህ ሶስት ወር ሲሞላ፣ አረቄ ሳትቀምስ፣ ጠዋት፣ እዛው በፊት የሰራህበት ላብ ሂድና ኤስጂፒቲ፣ ኤስጂኦቲ፣ ሲቢሲ፣ ቫይራል ሎድ በአንድ ቀን አሰራ። በየላቡ አትዙር። አልቡሚንና (ጉበት የሚሰራው ፕሮቲን) አይኤንአርም (የደም መርጋት መለኪያ) ካሉ ጨምር፣ ኢንዛይም ጉበቱ መጎዳቱን ነው የሚናገረው፣ መስራት አለመስራቱን የሚናገሩት እነዚህ ናቸው፣ ስሙ ሁሉንም "ሊቨር ፈንክሽን" ስለሚል ሰው ይወናበዳል።

የመንዝ ልጅ (መጋቢት 2017)

ተመልሻለሁ። አረቄ ከገናም ከጥምቀትም አልቀመስኩም፣ ጥምቀት ላይ ጓደኞቼ ኪዳን ገባህ ወይ ብለውኛል። ውጤቱ ይኸው፣ ኤስጂፒቲ 49፣ ኤስጂኦቲ 36፣ ፕላትሌት 231፣ ቫይራል ሎድ 5,100። አፕሪውን ራሴ አሰላሁት 0.39 መጣ፣ ዶክተሩ ፊት ነው ያሰላሁት ሳቀብኝ፣ ስለ ወባውም ነገርኩት። ግን ቫይራል ሎዱ ጨመረ አይደል? ከ3,400 ወደ 5,100 ደነገጥኩ።

ሚስቴ ኔጌቲቭ ናት ፀረ አካልም የላትም፣ የመጀመሪያ ክትባቷን ወሰደች። ልጆቹ ሁለቱም ኔጌቲቭ፣ ተመስገን። ታናሽ ወንድሜ ግን ፖዘቲቭ ነው፣ ከመሃል ሜዳ አስመጥቼ ነው ያስመረመርኩት፣ መንገድ ላይ አንድም ቃል አላወራም።

ላቦራቶሪው

3,400 እና 5,100 ለማሽኑ አንድ ናቸው በለው። ቫይራል ሎድ የሚታየው በሎግ ነው፣ በስንት እጥፍ ተለወጠ ተብሎ ማለት ነው፣ ሶስት እጥፍ ገደማ ካልተለወጠ ጨመረም ቀነሰም አንልም። የፕላትሌቱ መስተካከል ጥሩ ዜና ነው፣ የጠባሳው ስጋት በአብዛኛው የወባው ነበረ ማለት ነው። የቀረው ግን ቀርቷል፣ ያለ አረቄ ያለ ወባ ኤስጂፒቲህ 49 ነው፣ ቫይራል ሎድህ ሁለቴም ከ2,000 በላይ ነው። ይሄ የተኛ ቫይረስ አይደለም። ዶክተሩ ምን አለ?

የመንዝ ልጅ

ያንተኑ ነው ያለው። ኤችአይቪ አስመረመረኝ ኔጌቲቭ፣ ክሬቲኒን 0.9፣ ቴኖፎቪር ጻፈልኝ። ኤችአይቪ ለምን ስለው ይሄ ኪኒን ለኤችአይቪም ስለሚሰጥ፣ ሳይታወቅ ኖሮ ብቻውን ከተወሰደ ኤችአይቪው መድሃኒቱን ይለምደዋል አለኝ። ነገ ነው የምጀምረው። ጋሼ 8 አመት፣ ጠዋት ነው ማታ የሚሻለው? ወንድሜንስ ከየት ላስጀምረው?

ኤችኦ ከቆላ

ወንድምህን መጀመሪያ ኤስጂፒቲ፣ ኤስጂኦቲና ሲቢሲ፣ እሱ ርካሽ ነው መሃል ሜዳም ይሰራለታል፣ ከዛ ለቫይራል ሎድ ደብረ ብርሃን ይምጣ። ለቲቢ የሚጠቀሙበት ጂንኤክስፐርት ማሽን የራሱ ካርትሪጅ ካለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይራል ሎድም ይሰራል፣ ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት ካርትሪጅ መኖሩን ደውለህ ጠይቅ፣ ሰውየውን በባዶ አታመላልሰው። እና ወረቀቶቹን ለሱም ፌስታል አድርግለት።

8 አመት በኪኒን

የፈለግከው ሰአት ነው ልጄ፣ ሰአቱ አንድ ይሁን እንጂ። እኔ ማታ ዜና ሲጀምር ነው የምውጠው፣ ረስቼ ብተኛ ሚስቴ አትረሳም። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ያቅለሸልሽ ይሆናል ያልፋል። ብልቃጧ 30 ፍሬ ናት፣ ሃያኛው ቀን ላይ ሄደህ ሌላውን አምጣ፣ እስኪያልቅ አትጠብቅ። አገር ቤት ስትሄድ ደሞ ከምትቆይበት ቀን በላይ ይዘህ ሂድ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ አንዴ ከተዘጋ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም።

የመንዝ ልጅ

እሺ ጋሼ። ማታ ሁለት ሰአት አድርጌዋለሁ፣ ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁ።